ሸለቆው የውሃ ነው፦ የጎርፍ ስጋት ካርታ ለሁሩሙ ለምን ይታደሳል?



በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ላይ ዝናቡ በዝቶ ቤት ማፍረስ ሲጀምር አንድ ሰው በጁሙዓ ኹጥባ መካከል ተነስቶ ዱዓ እንዲያደርጉ ጠየቃቸው። እሳቸውም ዝናቡ ከቤቶች ርቆ ወደ ኮረብታዎች፣ ወደ ሸለቆዎችና ዛፍ ወደሚበቅልባቸው ቦታዎች እንዲሆን አላህን ለመኑ። ዝናብ ረሕመት ነው፤ ጥያቄው የት ይውረድ የሚለው ነው። የጎርፍ ስጋት ካርታም የሚመልሰው ይህንኑ ነው፦ የውሃው ቦታ የቱ ነው? የሰውስ?

ኢሉባቦር በሀገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። ሁሩሙ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበው የያዩ የቡና ደን ባዮስፌር ወረዳዎች መካከል ነች። ደኑ ዝናቡን ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ያሰርገዋል። ደን በተመነጠረበት፣ ቆርቆሮ ቤትና መንገድ በበዛበት ቦታ ግን ያው ዝናብ ቶሎ ተሰብስቦ ይወርዳል። ካርታ የሚያረጀው ለዚህ ነው፤ ዝናቡ ባይለወጥ እንኳ መሬቱን እኛው ለውጠነዋል።

ድሬዳዋ ምን አስተማረችን?

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ከድሬዳዋ በላይ ባሉት ደጋማ ቦታዎች የጣለው ከባድ ዝናብ በደቻቱ በኩል ሌሊት ከተማዋን መታ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ብዙዎች ዳርቻው ላይ ይኖሩ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ውሃ አሮጌ መንገዱን አይረሳም፤ አደጋውም ከእኛ በላይ ከዘነበ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። የእኛም ውሃ ሌላውን ይነካል። የሶርና የገባ ወንዞች ውሃ ወደ ባሮ ገብቶ ጋምቤላ ይደርሳል።

ካርታው እንዴት ይታደሳል?

ባለሙያዎች ከሳተላይት የተወሰደ የመሬት ከፍታ መረጃና የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዝናብ መዝገብ ይጠቀማሉ። ነገር ግን በነጻ የሚገኘው የከፍታ መረጃ በአብዛኛው አንዱን ነጥብ የሚወስደው ከ30 ሜትር በ30 ሜትር መሬት ነው፤ በቤት አጠገብ የምታልፈውን ጠባብ ጅረት ላያያት ይችላል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ላይ ደግሞ ከመሬቱ ይልቅ የዛፉን አናት ሊለካ ይችላል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የነዋሪው ትውስታ ነው። ውሃው የት ድረስ መጣ? ግድግዳው ላይ ምልክት ትቷል? የትኛው የመንገድ ቱቦ ተደፈነ? አዲስ ቤት፣ መድረሳ ወይም የውሃ ጉድጓድ የት ተሠራ?

አንድ ስሌትም እንወቅ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ማለት በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። አንድ ቤት 30 ዓመት ቢቆም ያ ጎርፍ ቢያንስ አንዴ የሚያገኘው ዕድል 26 በመቶ ገደማ ነው። ከአራት ቤተሰብ አንዱ እንደማለት ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ሰበብ ማድረስ የተወኩል አካል ነው። ከክረምት በፊት ኢማሙ ከጁሙዓ በኋላ አዛውንቶችን፣ እናቶችንና ወጣቶችን ከቀበሌው ጋር ቢያገናኙ፣ ወጣቶች የተነገራቸውን ቦታ በስልካቸው ጂፒኤስ ቢመዘግቡ፣ ለወረዳው የአደጋ ስጋት ባለሙያ ትልቅ ግብዓት ይሆናል። የታደሰው ካርታ ቢሮ ውስጥ ተጠቅልሎ አይቀመጥ። በመስጂድ፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ይለጠፍ፤ ጎርፍ የጎረቤትን ሃይማኖት አይጠይቅምና። ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ የመስጂዱ ድምፅ ማጉያ ሰው ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሰዉ ወዴት እንደሚሸሽ የሚያውቀው ግን ካርታውን አስቀድሞ ካየ ነው።

ቤት ለመሥራት መሬት የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት የአካባቢውን አዛውንት ስለ ውሃው ጠይቁ። አላህ ዝናባችንን የበረካ ያድርግልን። አሚን።