የሞተር ብስክሌት መሪ ሲለወጥ ስለ ፍሬን ዘይት ዕቃ አቀማመጥ

በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ወረዳ መኪና በማይደርስበት መንገድ ሞተር ብስክሌት ሰውንም ጭነትንም ያደርሳል። ከባለሞተሮቹም አንዳንዶቹ ጀርባቸውን ለማሳረፍ ወይም በመውደቅ የተጣመመውን ለመተካት ሲሉ የሞተሩን መሪ ከፍ ባለ መሪ ይለውጣሉ። ሥራው ብሎን መፍታትና ማሰር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከመሪው ጋራ አቀማመጧን የምትለውጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች፤ እርስዋም የፊት ፍሬን ዘይት የሚጠራቀምባት ናት። ይህ የሚመለከተው ፍሬናቸው በዘይትና በዲስክ የሚሠራውን ነው እንጂ በሽቦ የሚሳበውን አይደለም።

የፍሬኑ እጅታ ሲጨበጥ በማስተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም በቱቦው አልፎ ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋራ ያጣብቃል። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የተጫነበትን ግፊት በየአቅጣጫው እኩል እንደሚያስተላልፍ ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት አስረድቷል። አየር ግን በቀላሉ ይታመቃል። ስለዚህ በዘይቱ መካከል አየር ከገባ የጣታችን ኃይል አየሩን በመጭመቅ ያልቃል፤ እጅታውም ይለሰልሳል።

አየሩ ከወዴት ይገባል? ዘይት ወደ ማስተሩ የሚወርድባት ቀዳዳ ከዕቃዋ ሥር ናት። የሐይቅን ውሃ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ዳርቻው ቢያዘነብልም የውሃው ገጽ ምን ጊዜም ልክ ነው። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ነው፤ ዕቃዋ ስታዘነብል ዘይቱ ወደ ዝቅተኛው ወገን ይሰበሰባል። ሸራው አልቆ ዘይቱ ጎድሎ ከቆየ ቀዳዳዋ ባዶ ትቀራለች፤ ማስተሩም በዘይት ፈንታ አየር ይስባል።

ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወርደው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቁልቁለት ሞተሩ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ፍሬን ሲያዝ ዘይቱ ወደ ፊት ይሸሻል፤ በመታጠፊያም መሪው ይዞራል። ዕቃዋ አስቀድማ የተጣመመች ከሆነች ይህ ሁሉ ይደራረብና ፍሬኑ በሚፈለግበት ስፍራ ይከዳል።

እንግዲህ መሪ የሚለውጥ ሰው የሚከተለውን ያድርግ።

አንደኛ፣ ማስተሩን ከመሪው ሲፈታ ዕቃዋን ሳይዘቀዝቅ ቀጥ አድርጎ ይያዛት።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን በደልዳላ ስፍራ ያቁም፤ መሪውን ወደ ፊት አቅንቶ የዕቃዋን ክዳን ከመሬት ጋራ ልክ ያድርግና ብሎኖቹን ይሰር። በጎን ማቆሚያው ተደግፎ የቆመ ሞተር የዘይቱን ልክ በትክክል አያሳይም።

ሦስተኛ፣ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ያዙር። ቱቦው ከተወጠረ ረጅም ቱቦ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ይመልከት። ከጎደለ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ካልተከፈተ ዕቃ ይጨምር። የሞተር ዘይት ግን ጎማዎቹን ያበላሻልና ከቶ አይጨምር።

አምስተኛ፣ እጅታውን ደጋግሞ ይጨብጥ። ከለሰለሰ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ አይነዳ። ከጠነከረም በመጀመሪያ በሜዳ ላይ በቀስታ ይፈትነው።

እጅታውን ለጣት በሚመች ቦታ ማድረግና ዕቃዋን ልክ ማስቀመጥ አብረው የማይሆኑ ከሆነ ያ መሪ ለዚያ ሞተር አይስማማምና ሌላ መፈለግ ይሻላል።

የሞተር ባለቤት የሆናችሁ ወላጆች፣ ከኋላ የምትሳፈሩም ጓደኞቻችን፣ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ያችን ትንሽ ዕቃ ተመልከቱ። ይህን ለማድረግ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ የሚጠበቀው ግን የሁለት ሰው ሕይወት ነው።