አሳንሰሩን የሚያወርዱት ቫልቮች

አሳንሰርን ወደ ላይ ማንሣት ከባድ፣ ወደ ታች ማውረድ ደግሞ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ በዘይት ግፊት በሚሠራው፣ ሃይድሮሊክ በሚባለው አሳንሰር ግን ነገሩ ከሞላ ጎደል የተገላቢጦሽ ነው። ካቢኑ ሲወጣ ፓምፑ ከታንኩ የሳበውን ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል፣ ዘይቱ ፒስተኑን፣ ፒስተኑም ካቢኑን ያነሣል፤ ፓምፑ በሰከንድ የሚገፋው የዘይት መጠን ብዙም ስለማይለዋወጥ ካቢኑ ባዶም ሆነ ሙሉ ፍጥነቱ ተቀራራቢ ነው። ሲወርድ ግን ሞተሩ አይሠራም፤ ካቢኑን የሚያወርደው የራሱና የተሳፋሪዎቹ ክብደት ሲሆን፣ ይህን ክብደት ልክ የሚያስይዙት ዘይቱ ወደ ታንኩ በሚመለስበት መንገድ ላይ የተተከሉት ቫልቮች ብቻ ናቸው።

የሥራውን መጠን ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። ካቢኑ ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም ቢመዝንና የፒስተኑ ዲያሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ዘይት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 25 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል፤ ካቢኑ በሰከንድ ግማሽ ሜትር እንዲወርድ ከተፈለገም በየደቂቃው 235 ሊትር ያህል ዘይት በቫልቩ በኩል ማለፍ አለበት። ይህን ዘይት መጠኑ በማይለወጥ ቀዳዳ ማሳለፍ አያዋጣም፤ ምክንያቱም ከታች የተበሳ በርሜል ሲሞላ ውኃው በኃይል እንደሚፈናጠርና ሲጎድል እንደሚደክም ሁሉ፣ በቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ ከኋላው ባለው ግፊት ይወሰናል። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ በ41 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ባዶውን ካቢን በተገቢው ፍጥነት የሚያወርድ ቀዳዳ ሰው የሞላበትን ከልክ በላይ ያፈጥነዋል። በዚህም የተነሣ በቫልቩ ውስጥ በሞላ የተደገፈ ተንሸራታች ይገባል፤ የዘይቱ ግፊት ሲበረታ ተንሸራታቹን ገፍቶ መተላለፊያውን ያጠበዋል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ሞላው መልሶ ያሰፋዋል፤ ጭነቱ ራሱ የራሱን ፍጥነት ይገታል ማለት ነው፤ የዚህ መሣሪያ ብልሃት ሁሉ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ዋናውን ቫልቭ የሚከፍተው የኤሌክትሪክ ጉልበት ሳይሆን የዘይቱ የራሱ ግፊት ነው። ሶሌኖይድ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማግኔት አንዲት ቀጭን የዘይት መስመር ብቻ ይከፍታል፤ ዋናውን ቫልቭ ዘግቶ የያዘው ዘይት በዚህች መስመር በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ቫልቩ ቀስ እያለ ይከፈታል፣ የካቢኑ አጀማመርም ለተሳፋሪው የማይነዝር ይሆናል። በተለመደው አሠራር ለመውረድ የሚያገለግሉት ሶሌኖይዶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ካቢኑ በሙሉ ፍጥነት ይወርዳል፣ ወደ ወለሉ ሲቃረብ የአንደኛው ተቋርጦ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ከወለሉ ጋር ሲስተካከል ደግሞ ሁለተኛው ይቋረጥና ቫልቩ ይዘጋል። መብራት በድንገት ሲጠፋም ሞላዎቹ ወዲያው ስለሚዘጉት ካቢኑ ባለበት ይቆማል እንጂ አይወድቅም። ለመውረድ ሞተር ስለማያስፈልግ አንዲት ትንሽ ባትሪ ሶሌኖይዱን ከፍታ ሰዎቹን ወደ ታች ልታደርስ ትችላለች፤ በእጅ የሚከፈተው የአደጋ ጊዜ ቫልቭም በአውሮፓ ደንብ መሠረት ካቢኑን በሰከንድ ከ0.3 ሜትር በላይ ማፍጠን የለበትም፣ እጅ ሲለቀውም ራሱ ይዘጋል።

ሃይድሮሊክ አሳንሰሮች ሁልጊዜ በዘይት አልሠሩም፤ በ1889 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፓሪሱ ኤፍል ማማ አሳንሰሮች የተንቀሳቀሱት በውኃ ግፊት ነበር። ዘይት ብረትን ከዝገት ስለሚጠብቅና መፋተግን ስለሚቀንስ ውኃን ተክቷል፤ ሆኖም ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ካቢኑ 12 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ የ200 ሊትር ዘይትን ሙቀት በአንድ ጉዞ በ0.7 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ ፓምፑ ሲያነሣ የሚፈጠረው ሙቀት ሲታከልበት ብዙ የሚመላለስ አሳንሰር ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በአንድ ዓይነት ዘይት እየሠራ አይደለም ሊባል ይችላል። አዳዲሶቹ የኤሌክትሮኒክስ ቫልቮች የሚያልፈውን ዘይት እየለኩ መክፈቻቸውን በየቅጽበቱ የሚያርሙት ለዚህ ነው።

ወደ ሲሊንደሩ የሚሄደው ቧንቧ ቢፈነዳ ዋናው ቫልቭ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ በሲሊንደሩ አፍ ላይ ሌላ ቫልቭ ይገጠማል፤ በአውሮፓው ደንብ መሠረት የመውረጃው ፍጥነት ከተወሰነለት ልክ በሰከንድ 0.3 ሜትር ከመብለጡ በፊት ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ራሱ መዘጋት አለበት። ይህም ቢሆን ገደብ አለው፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ ሲሊንደር ታችኛው ክፍሉ ዝጎ ቢበሳ ዘይቱ የሚያመልጠው በቫልቩ በኩል ስላልሆነ አይረዳም። በአሜሪካ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚቀበሩ ሲሊንደሮች ሁለት ታች እንዲኖራቸው የተደረገው ከዚህ ስጋት የተነሣ ነው፤ ከዚያ በፊት የተተከሉት ባለ አንድ ታች ሲሊንደሮች ይህ ጥበቃ የላቸውም።

በቫልቮቹ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለመድፈን የብረት ብናኝ ይበቃል። ስለዚህ የሕንፃ አስተዳዳሪዎች ካቢኑ ከወለሉ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ መቆም ሲጀምር የቫልቩን ብሎኖች ከማስነካታቸው በፊት የዘይቱን መጠን፣ ሙቀትና ንጽሕና ባለሙያ እንዲያይላቸው ያድርጉ።