በውቅያኖስ ውኃ የሟሟ ካርቦን እንዴት ይለካል?

ከጥልቅ ውቅያኖስ የተቀዳ አንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፣ በውስጡ የሟሟው ኦርጋኒክ ካርቦን ግን ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህ ኢምንት መጠን በውቅያኖሶች ሁሉ ሲደመር ወደ 660 ቢሊዮን ቶን ይደርሳል፤ በከባቢ አየር ውስጥ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ከሚገኘው ካርቦን ጋር የሚነጻጸር ነው። ስለሆነም በአንድ ሊትር ላይ የሚፈጸም ስሕተት የምድራችንን የካርቦን ሒሳብ ያዛባል።

አለካኩ በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። ውኃው ተጣርቶ አሲድ ይጨመርበታል፤ ከዚያም ካርቦን የሌለው ጋዝ እንዲያልፍበት ተደርጎ ኢንኦርጋኒክ ካርቦኑ ይወገዳል። (ይህኛው ከምንፈልገው ወደ 50 እጥፍ ስለሚበልጥ ጥቂት ቢቀር እንኳ ውጤቱን ያበላሻል።) ቀሪው ኦርጋኒክ ካርቦን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጦ በኢንፍራሬድ መሣሪያ ይለካል። ዘዴዎቹ የሚለያዩት በዚህ ለውጥ ላይ ነው። የቀድሞዎቹ ፐርሰልፌት በተባለ ኬሚካል ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር ይጠቀማሉ፤ ሌላው ደግሞ ጥቂት ናሙና በ680 ዲግሪ ሴልሺየስ በጋለ የፕላቲነም ካታሊስት ላይ በማንጠባጠብ ያቃጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሱጊሙራና ሱዙኪ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በማቃጠል ያገኙት ውጤት ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳተሙ። ውጤቱ በጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚታየውን የኦክስጅን መቀነስም የሚያብራራ ስለመሰለ ብዙዎችን ማረከ። ኬሚካሉ ያላቃጠለው፣ ማንም ያላየው ካርቦን ነበር ማለት ነው! ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ግን ይህን ያህል ልዩነት ማግኘት ተሳናቸው። በ1991 በሲያትል በተካሄደ ዐውደ ጥናት ዘዴዎቹ ጎን ለጎን ተመረመሩ፤ በ1993 ደግሞ ሱዙኪ ራሱ ውጤቱን መልሶ ሳበ።

ከሙግቱ በስተጀርባ የነበረው ዐቢይ ችግር ለፊዚክስ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የሚዛኑ ዜሮ የት እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ካታሊስቱ ራሱ ናሙና ሳይገባበትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ይህ ካልተቀነሰ ንባቡ ያብጣል። በንጹሕ ውኃ ለክተን እንቀንሰው ብንል ደግሞ «ንጹሕ» የምንለው ውኃ የራሱ ካርቦን አለው፤ ያን ጊዜ ከሚገባው በላይ እንቀንሳለን። በእኔ እምነት ከምድጃው ሙቀት ይልቅ አስቸጋሪው ይህ ነበር።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የማቃጠሉ ዘዴ ነው። በአሜሪካ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ይዘቱ በስምምነት የታወቀ የጥልቅ ባሕር ውኃ በትናንሽ ብልቃጦች እያሸገ ለቤተ ሙከራዎች ሲያከፋፍል ቆይቷል። ለዚህ ውኃ በሊትር ከ40 ማይክሮሞል ብዙም ያልራቀ ንባብ የማይሰጥ መሣሪያ ወደ ምርመራ ይመለሳል። ጨው በካታሊስቱ ላይ እየተከማቸ ስለሚሄድም ፍተሻው በየናሙናዎቹ መካከል ይደጋገማል።