መጣል የማያውቅ ፖከር አይጫወት

ፖከር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ፊልም ላይ የምናየው፣ ጥቁር መነጽር ያጠለቀና ፊቱ የማይነበብ ሰውዬ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ማለት የሰው ፊት አይቶ ልቡን የሚያውቅ ይመስለናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ለጀማሪውም ሆነ ለቆየው ተጫዋች ትልቁ ችሎታ ካርታን በጊዜ መጣል ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ? እዚህ ጨዋታ ላይ ሞኙም ወረቀቱም አንድ ላይ ይገናኛሉ።

እስቲ መጀመሪያ ለማያውቀው በአጭሩ እናስረዳ። በጣም የታወቀው የፖከር ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ከ52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሁለት ተደፍቶ ይታደላል። ከዚያ ለሁሉም የሚያገለግሉ አምስት ካርታዎች መሃል ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። በየደረጃው ውርርድ አለ፤ ተጫዋቹ ይከፍላል፣ ይጨምራል ወይም ጥሎ ይወጣል። ከሰባቱ ካርታ የተሻለ አምስት የሠራ፣ ወይም ሌሎቹ ሁሉ ጥለው ብቻውን የቀረ፣ መሃል ያለውን ይወስዳል።

ለጀማሪ የመጀመሪያው ምክር «አብዛኛውን ጣሉ» የሚል ነው። ከታደሉት ሁለት ካርታዎች ጥንድ የማግኘት ዕድል ከ17 አንድ ነው። ሁለት አስ የማግኘት ደግሞ ከ221 አንድ። ጥሩ ካርታ ብርቅ ነው ማለት ነው። «ዝም ብዬ ከማይ ልሞክረው» እያለ በደረሰው ሁሉ የሚገባ ሰው የያዘውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨርሳል። ሁለተኛው ነገር ተራ ነው። መጨረሻ የሚወስን ሰው የሌሎቹን ውሳኔ አይቶ ነው፤ ቀድሞ የሚወስን ግን በጨለማ ይገባል። ስለዚህ ተራችሁ ቀዳሚ ሲሆን ይበልጥ መራጭ ሁኑ።

ለቆየው ተጫዋች ደግሞ ሂሳብ ይጨመርበታል። የልብ ምልክት ያለባቸው አራት ካርታዎች አሏችሁ እንበል፤ ሁለቱ እጃችሁ ላይ፣ ሁለቱ መሃል። አምስተኛ ልብ ከመጣ ታሸንፋላችሁ እንበል፤ የቀረው አንድ ካርታ ነው። ካላያችኋቸው 46 ካርታዎች ልብ የሆኑት 9 ናቸው። ዕድላችሁ 20 በመቶ ገደማ ነው። አሁን ባላጋራችሁ ያስያዘውን ጨምሮ መሃል ላይ 100 ባቄላ አለ። 20 ክፈሉ ከተባላችሁ፣ ከጠቅላላው 120 የእናንተ ድርሻ 17 በመቶ አይሞላም፤ ዕድላችሁ ስለሚበልጥ ክፈሉ። 50 ከተባላችሁ ግን ድርሻችሁ የ150 አንድ ሦስተኛ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ውርርድ ከሌለ ጣሉ። ከፍላችሁ ልብ ቢመጣላችሁስ? አሸንፋችኋል፣ ውሳኔው ግን ያው ስህተት ነው። ጥሩ ተጫዋች ራሱን የሚመዝነው በውሳኔው እንጂ በአንድ ቀን ውጤት አይደለም።

ታዲያ «ብለፍ» የሚባለው ማስመሰልስ? ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተሙት የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ይህንን በሂሳብ አስረድተውታል። ጥሩ ካርታ ሲይዝ ብቻ የሚያስይዝ ሰው ይታወቅበታል፤ ሲያስይዝ ሁሉም ይጥሉበታል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ማስመሰል ያስፈልጋል። ግን መጣል በማያውቅ ሰው ላይ ማስመሰል ከንቱ ድካም ነው።

ገንዘብ ትቼ ባቄላ ያልኩት አውቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ ሠራተኛ ላስ ቬጋስ ላይ በፖከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ተወዳዳሪዎቹ 839 ነበሩ። የእሱን ታሪክ ሁሉም ያወራል፤ አንደኛ ያልወጡትን 838 ሰዎች ግን ማን ያስታውሳቸዋል? በዚያ ላይ ቁማር ቤት ከየጨዋታው ድርሻውን ይቆርጣል። ተጫዋቾቹ በድምሩ ይዘው የሚወጡት ይዘው ከገቡት ያንሳል፤ ቤቱ ካርታ ሳይነካ ያሸንፋል።

ከሁሉም የሚከፋው «ላስመልስ» የምትለዋ ቃል ነች። የተበላ ሰው ተናድዶ ደካማ ካርታ ይዞ ይገባል፣ መጣል ያቅተዋል፣ ከዚያ ለሃንዳውት ኮፒ የተላከለት ብርም ይከተላል። ቆየ የተባለው ተጫዋች እንኳ እዚህ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጨዋታውን ለመማር ባቄላ ወይም ክብሪት ይበቃል፤ ሂሳቡ አይለወጥም። በንዴት መጫወት ስትጀምሩ ካርታውን ብቻ ሳይሆን ወንበሩንም ልቀቁ። እሱም መጣል ነው።