ኤክሴልና የእኛ አቆጣጠር

በአፕሊኬሽን ሶፍትዌር ትምህርታችን ኤክሴልን የምናውቀው በአብዛኛው በመደመርና በማካፈል ነው። ተመርቀን አሰላ አካባቢ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ብንቀጠር ግን ቶሎ የሚያስቸግረን ቀን ይመስለኛል። በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ በብዛት የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ የገቢውም የብድሩም ቀን የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምራል። የምንጽፍለትንም በፈረንጆች ወር ያነባል። ጥቅምት 30ን «30/2/2016» ብንለው ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። የባሰው ዝም ብሎ ሲሳሳት ነው። ከኅዳር 10 እስከ ታኅሣሥ 10 በእኛ 30 ቀን ነው፤ እሱ ግን 3ኛውን ወር ማርች ብሎ 31 ይላል። ወለድ በቀን ከታሰበ ትርፏ ቀን የምትከፈለው ከገበሬው ኪስ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን፣ ወርና ዓመትን በ3 ዓምድ ለይተን እንጻፍ። ከዚያ ዓመቱን በ365 እናባዛ፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር እንጨምር፤ ከወሩ 1 ቀንሰን በ30 አባዝተን እንደምር፤ በመጨረሻ ቀኑን እንደምር። የሁለቱ ቀኖች ውጤት ሲቀናነስ ትክክለኛው የቀን ብዛት ይመጣል።

እስቲ ከነሐሴ 30 ቀን 2015 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 ሞክሩት። 7 ይሰጣችኋል፤ የዚያ ዓመት ጳጉሜ 6 ቀን ነበረችና።