በረደኝ፣ በረደብኝ፣ በረደልኝ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ነን። የእህቴ ባል በስልክ ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ ይጮኻል። እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ‹‹በረድ በል ልጄ፣ በረድ በል›› አለችው። እዚያው ተወልዳ ያደገችው የ11 ዓመት ልጁ ቀና አለችና ‹‹አባዬ በረደው እንዴ?›› ብላ ጃኬቱን ልታመጣለት ተነሣች።

ልጅቱ አልተሳሳተችም፤ ግሱ ያው አንድ ነው። ብርድ፣ በረዶ፣ መብረድ፣ ማብረድ፣ ሁሉም ‹‹በረደ›› ከሚለው ይወጣሉ። የግእዙም ግስ ይኸው ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ የምትኖሩ ‹‹ባሪድ›› ሲባል ቀዝቃዛ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በዕብራይስጥም ‹‹ባራድ›› ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ነው። ቋንቋዎቹ የሴም ዘመዳሞች ናቸውና ብ፣ ር እና ድን በጋራ ይዘዋል።

ታዲያ ብርድና ቁጣ ምን አገናኛቸው? አማርኛ ቁጣን የሚያየው እንደ እሳት ነው። ‹‹ንዴት›› ራሱ ከ‹‹ነደደ›› የመጣ ነው፤ እንጨት ይነድዳል፣ ሰው ይናደዳል። የተቆጣ ሰው ቱግ ይላል፣ ደሙ ይፈላል፣ አንጀቱ ያርራል። እንዲህ ለሚነድ ሰው የሚመኙለት መብረድን ነው።

ውጭ ያደጋችሁ ልጆች ከሁሉ በላይ ጆሮ እንድትሰጡልኝ የምፈልገው ግን ለቃሉ ጭራ ነው። ‹‹በረደኝ›› ካልሁ ጋቢ አምጡልኝ። ‹‹ሻዩ በረደብኝ›› ካልሁ ሳልጠጣው ቀዝቅዞ ከስሬአለሁ ማለት ነው። ‹‹ራስ ምታቱ በረደልኝ›› ካልሁ ደግሞ እፎይ ብያለሁ። ያው አንድ ብርድ በ‹‹ብኝ›› ጉዳት፣ በ‹‹ልኝ›› በረከት ይሆናል። ቁጣ ሲበርድም ‹‹በረደልኝ›› ይባላል። ከተቆጣው ሰው ላይ ሸክም እንደወረደለት ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል፤ እኔ ይህቺን ‹‹ል›› በጣም ነው የምወዳት።

እናቴ ደግሞ ‹‹ብረድ›› አላለችም፣ ‹‹በረድ በል›› ነው ያለችው። ‹‹በሩን ከፈት አድርገው›› ሲባል ትንሽ ብቻ ክፈተው ማለት እንደሆነው ሁሉ፣ ‹‹በረድ በል›› ማለትም ቁጣህን ፈጽመህ ጣል ማለት አይደለም። እውነት ተበድለህ ይሆናል፣ ግን እሳቱን ጥቂት ቀንስ ነው ነገሩ። ‹‹ረገብ በል›› የሚሉም አሉ፤ እሱ የተወጠረ ገመድ ሲላላ ከሚባለው የመጣ ነው። ለትልቅ ሰው ‹‹በረድ ይበሉ›› ነው፤ ያውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቢቻል ጉልበታቸውን ይዞ።

‹‹ማብረድ›› ሲሆን ግን ሥራው የሌላ ሰው ነው። የሚጣሉ ሰዎች ባሉበት ሁሉ አብራጅ ይፈለጋል፤ ጎረቤት፣ የክርስትና አባት፣ ካልተገኘም መንገደኛ። በእኛ አገር ተቆጪውን ራስህን አብርድ ብሎ ብቻውን መተው ነውር ነው።

አንድ ነገር ግን ከማብረድ ጋር እንዳይምታታባችሁ። አያቴ ማታ ማታ የምድጃውን ፍም በአመድ ትዳፍነው ነበር። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትለው ፍሙ ወዲያው ይቀላል፤ ጭድ ጣል ስታደርግበት ነበልባል። ሌሊቱን በሙሉ ምድጃውን ያየ ሰው ጠፍቷል ይል ነበር። ዝም ያሰኙት ሰው ቁጣም እንዲሁ ይዳፈናል፤ ስሙም ያን ጊዜ ቂም ነው። ‹‹ቀዘቀዘ›› የሚለውንም ለቁጣ ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ። ጠብ ሲበርድ ደስ ይላል፣ ፍቅር ‹‹ቀዘቀዘ›› ሲባል ግን ቤት ሊፈርስ ነው።

ሥሩን መቆፈር ለሚወድ የደስታ ተክለ ወልድ ‹‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት›› (1962 ዓ.ም.) አለ፤ ግሱን አግኝታችሁ ዘመዶቹን እዚያው ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ።

የዚያን ቀን ልጅቱ ጃኬቱን አምጥታ አባቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችለት። ስልኩን ዘጋና ዕቅፍ አደረጋት። በማግስቱ ቁርስ ላይ እናቴ ‹‹በረደልህ?›› ብላ ጠየቀችው።

‹‹ትንሽ በረድ ብሎልኛል እማማ።››