እርጉዟ አህያ በእህል በረንዳ

መርካቶ እህል በረንዳ ገብቶ አህያ መንገድ ያልዘጋችበት ሰው አይገኝም። ጤፉንም ስንዴውንም መኪና ከማይገባበት ቅያስ፣ ከወፍጮ ቤት ደጃፍ የምታደርሰው እሷ ናት። ይህን ሁሉም ያውቃል። እርጉዝ መሆን አለመሆኗን አይቶ የሚጭን ግን ጥቂት ነው።

አህያ የምታረግዘው 12 ወር ገደማ ነው፤ ከላም ይረዝማል። የእኛ አገር አህያ ከ100 እስከ 130 ኪሎ ብትመዝን ነው። ባለሙያዎች የክብደቷን ሲሶ ያህል ጫኑባት ይላሉ፤ ከነጽንሷ ኩንታል የሚያሸክሟት ግን ሞልተዋል።

«አህያ ሕመም አይሰማትም» የሚለው ወሬ ደግሞ ከዱላው በላይ ይጎዳታል። የዘሯ ምንጭ የሆነው የዱር አህያ ዛሬም በአፋር በረሃ ጥቂቱ ተርፏል፤ እዚያ ያነከሰ መሆኑ የታወቀበት የአውሬ ራት ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልምና ሕመሟን መደበቅ ከዘሯ የወረሰችው ጥበብ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአበላል ማስመሰሏ ነው። የታመመች አህያ አፏን ጭድ ውስጥ ከትታ ትቆማለች፣ መንጋጋዋን ታንቀሳቅሳለች፣ የምትውጠው ግን የለም። አንድ ቀን ሆዷ የገፋ አህያ መኖዋ ላይ አቀርቅራ አየሁና ነጂውን ጠየቅሁት።

«ኧረ ደህና ናት ጋሼ፣ ትበላለች እኮ!»

ጎንበስ ብዬ ባየው ጭዱ አልተነካም። መጫኛው ባረፈበት ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ ነበር፤ ዝንቡ ሰፍሮበታል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። መብላት ያቆመች አህያ ሰውነቷ ስቡን ወደ ደሟ ይለቃል፤ ሲበዛ ጉበቷ ይደክማል፣ ትሞታለች። እርጉዝና አጥቢ አህዮች ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ይጋለጣሉ። ባለቤቷ «ትናንት ደህና ነበረች» የሚለው ማስመሰሏ ስላታለለው ነው፤ ደህና አልነበረችም።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ ተቆጥቶ አዘግቶታል። ደግ አደረገ። ያ ሁሉ ተቆርቋሪ ግን ገጣባ ላይ ጆንያ ሲጫን አይቶ ያልፋል።

ዘ ዶንኪ ሳንክቹሪ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት መርካቶ ውስጥ አህዮችን በነጻ ሲያክም ቆይቷል። ነጂዎች ሆይ፣ ከጭነቱ ሥር ወፍራም ድሪቶ አንጥፉ፣ ናይለን ገመዱን በጅራቷ ሥር አታሳልፉ፣ ሆዷ ከገፋ አሳርፏት። ጭዱንም ስትሰጧት ልኩን እዩ፤ ቆይታችሁ ስታዩት ካልጎደለ ሳትጭኑ ወደ ሐኪም ውሰዷት።